የቀይ ዋጋ

ደብረ ማርቆስ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የዓይን ክፍል ደጃፍ፣
ከቡሬ በሌሊት ወጥቼ ተቀምጫለሁ በሰልፍ።
ከጎኔ ሞራ የጋረደው ሽማግሌ ያንቀላፋል።
ነርሷ በሩን ገርበብ አርጋ
«ይታይሽ!» ብላ ትጣራለች።
እናቴ ስታወጣው ምርቃት ነበር፤
እዚህ ሲጠሩት ግን ጥያቄ ጥያቄ ይለኛል።

ኅዳር ላይ ነው የጀመረኝ፣ በርበሬው ከእርሻ ሲገባ።
ግራ ዓይኔን ሳዟዙር ውጋት፣
ከዚያ ጉም፣
ከዚያ ምንም።
ጎረቤት መጥቶ አፈጠጠብኝ፦ «ዓይንሽ እኮ ደህና ነው!»
እውነቱን ነው፤ ያበጠው ከኋላ ያለው ገመድ ነው።
ሦስት ቀን በክንዴ ጠብ ጠብ ሲል የሰነበተ መድኃኒት
እብጠቱን አስታገሰው፤
«የቀረውን ጊዜ ይጨርሰው» አሉ፣
«እየመጣሽ ተለኪ» አሉ።

መርማሪው አንሙት ይባላል፣ የቢቸና ልጅ፣
ቀኝ ዓይኔን ማንኪያ በመሰለ ጥቁር ነገር ይከድናል።
ማዶ ግድግዳ ላይ አንድ ፊደል፣
ሐመሩ ሐን ይመስላል፣
አንዴ ተኝቶ፣ አንዴ ተገልብጦ፣ እየቀጨጨ ይወርዳል።
«እግሩ ወዴት ነው?» ይለኛል፤ በእጄ አመለክታለሁ።

ልናገር?
የታችኛውን መስመር በቃሌ ይዤዋለሁ።
ባለፈው ወር በደህናው ዓይኔ ለቅሜ፣
ሌሊቱን አውቶቡስ ውስጥ እንደ ዳዊት ደግሜ፦
ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ።
አንሙት ፈገግ አለና ሰሌዳውን ገለበጠው፣
ጀርባው ላይ ሌላ ነበረው።
ደግነቱ ያንንም አነበብኩ። ሁለት ብቻ ሳትኩ።

ቀጥሎ ባትሪ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ያመላልሰዋል።
አፌ ቢዋሽ ብሌኔ አትዋሽም፤
የቀኟ ብርሃን ሲመጣ ጥብብ፣
የግራዋ ስፍት ትላለች፣
ሌባ ሲመጣ በር እንደሚከፍት እንቅልፋም ዘበኛ።

ከዚያ ከኪሱ ክዳን አወጣ፣ የጠብታ ክዳን፣ ቀይ፣
አውራ ጣት የማታህል።
«ይህች በቀኝሽ መቶ ብር ብታወጣ፣ በግራሽ ስንት ታወጣለች?»

ይህን ጥያቄ ለእኔ!
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በርበሬ ለመዘንኩ፣
ዛላ ሰብሬ፣ ፍሬ አራግፌ፣
ፀሐይ ላይ አውጥቼ ዋጋ ለቆረጥኩ፣
ዝናብ የመታውን ከሥር ቀብሮ ላዩን ያሳመረ ነጋዴ
ገበያ መሐል ላጋለጥኩ!

ያኔ በኅዳር «አሥር» አልኩት፤
ክረምቱን ጣራ ላይ የከረመ ዛላ መስላኝ ነበር፣
ቀይ የነበረች፣ አሁን ግን ስሟ ብቻ የቀራት።
በጥር አርባ ገባች።

ዛሬስ?
ዝም አልኩ።
ዘጠና ብል ማን ያውቅብኛል?
ዘጠና ብል ድኛለሁ፤ የመሳፈሪያው ብር ይተርፋል፣
ልጄ ፈንታነሽ ሱቅ ልትጠብቅ ከትምህርት አትቀርም።
ሰሌዳው «ድነሻል» ብሏል፤
የቀረኝ አንዲት ክዳን።
ግን እኔ ሚዛን ላይ ጣቴን ጭኜ አላውቅም።

«ሰባ» አልኩት።
እንደገና አየኋት።
«ሰባም ተወደደ። ስድሳ አምስት።»
«ራሷ ዋጋ የምታወርድ ነጋዴ ዛሬ ገና አየሁ» ብሎ
ሳቀና ጻፈው።

ስወጣ ቀትር ሆኗል።
ወደ መናኸሪያ ዳገቱን ስይዝ፣ ላቤ ጠብ ሲል፣
ግራዬ ደግሞ ደበዘዘ።
ነግሮኛል፦ «ሙቀት ነው፣ አትደንግጪ፣ ሲበርድልሽ ይመለሳል።»
አትደንግጪ ማለት ቀላል ነው።

ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ቆምኩ።
ቀኜን በመዳፌ ከደንኩ።
ማዶ ቀይ የተቀባ የቆርቆሮ በር አለ፤
ሃምሳ።
ባጃጅ አለፈ። በጎች አለፉ።
ሃምሳ አምስት።

አንዲት ጀሪካን ያዘለች ሴት ቆም ብላ አየችኝ፦
«እህቴ፣ ምን ሆነሻል? ሰው እየጠበቅሽ ነው?»
«አይ፣ ዋጋ እስኪጨምር ነው» አልኳት።